የጳጳሱ የሳሙኤል ጎባት ሕይወትና ጽሑፎች



በዚህ ዓመት መስከረም ላይ የታሪክ መምህራችን እያንዳንዳችን ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነውን አንድ ታዋቂ ሰው መርጠን ሕይወቱን እንድናጠናና እንድንጽፍ አዘዙን። ከክፍላችን ልጆች አብዛኞቹ የጦር ጀግኖችን፣ ሌሎቹም የሳይንስ ሊቃውንትን መረጡ። እኔ የመረጥሁት ግን በስዊስ አገር ተራሮች መካከል ተወልዶ፣ በወጣትነቱ በአገራችን በትግራይና በጎንደር ተቀምጦ፣ በመጨረሻም በኢየሩሳሌም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ሆኖ የሞተውን ሳሙኤል ጎባትን ነው። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስሙን ሰምተው ስለማያውቁ፣ ምን አግኝቼበት እንደ መረጥሁት ደጋግመው ጠየቁኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ይሁንልኝ።

ነገሩን ከቤታችን ልጀምር። አያቴ በወጣትነታቸው በጎንደር ቅኔና የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማሩ፣ ኋላም ለብዙ ዓመት ያስተማሩ የቤተ ክርስቲያን መምህር ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ዓመት ወደ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አያቴ ይህን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ ለአምስት ዓመት ያህል ከእሱ ጋር በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም። በዓል በመጣ ቁጥር እናቴ ምግቡን ሁለት ጊዜ ታቀርባለች፤ አንድ ጊዜ ለአያቴ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እሳቸው ከተኙ በኋላ ለሚመጣው ለወንድሜ። በመካከላቸው ስድብም ጠብም አልነበረም፤ ዝምታ ብቻ ነበር። ይህን በመጽሔት ላይ ለመጻፍ ከሁለቱም ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል።

አያቴ ዓይናቸው ስለ ደከመ ማታ ማታ የማነብላቸው እኔ ነኝ። መምህራችን የጎባትን የጉዞ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ባዋሱኝ ጊዜ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ እያነበብሁ በአፌ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አሰማኋቸው። እንግዲህ የምጽፈው አንድ ሰው ብቻውን ያነበበውን ሳይሆን፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ኩራዝ ዙሪያ የተከራከሩበትን ነው ማለት እችላለሁ። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ኩራዙ እውነተኛ ኩራዝ ነበር። የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቈጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልኝ።

ሳሙኤል ጎባት ጥር 26 ቀን 1799 ዓ.ም. ፈረንሳይኛ በሚነገርበት በስዊስ የዩራ ተራራማ አገር፣ ክሬሚን በምትባል መንደር ተወለደ። በዚያው ዓመት በለንደን ከተማ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላውያን የሚባሉት ወገኖች የቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ማኅበር የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። በአንድ ዓመት የተወለዱት ልጅና ማኅበር ኋላ እንደሚገናኙ በዚያ ጊዜ የሚያውቅ አልነበረም። ወንጌላውያን የተባሉት የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን አባሎች የራሳቸው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ያላቸው ሰዎች አልነበሩም፤ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነው መጽሐፍ ቅዱስን ከሁሉ በላይ የሚያደርጉ፣ ሰው በግሉ ንስሓ ገብቶ መለወጥ አለበት የሚሉ፣ በስብከትና በማስተማር የሚተጉ ሰዎች ነበሩ እንጂ።

ጎባት በልጅነቱ ሃይማኖተኛ አልነበረም። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ግን ልቡ ተመለሰ። ከዚያም በባዝል ከተማ ወደሚገኘው የሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ዘመን የለንደኑ ማኅበር ገንዘብ እንጂ ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ እንግሊዛውያን እንደ ልቡ አያገኝም ነበር፤ ስለዚህ ከባዝል የሚወጡትን ጀርመኖችና ስዊሶች ይቀበል ነበር። ጎባትም ወደ ፓሪስ ሄዶ ዓረብኛ ከተማረ በኋላ በዚህ መንገድ የማኅበሩ መልእክተኛ ሆነ።

ወዴት እንደሚላክ የወሰነው አንድ ኢትዮጵያዊ የደከመበት ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቡ ሩሚ የተባለ የአገራችን ሰው በካይሮ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስሊን ደ ሼርቪል ጋር ዐሥር ዓመት ያህል ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ ተርጕሞ ነበር። አቡ ሩሚ በወረርሽኝ ሞተ፤ የእጅ ጽሑፉን ግን በ1820 ዓ.ም. የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። አራቱ ወንጌላት በ1824 ዓ.ም.፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1840 ዓ.ም. ታተሙ። የታተመውን ወንጌል ወደ ኢትዮጵያ የሚያደርስ ሰው አስፈለገ፤ ጎባትና ጀርመናዊው ጓደኛው ክርስቲያን ኩግለር ተመረጡ። ይሁን እንጂ የአገሩ መንገድ በመሳፍንቱ ጦርነት ምክንያት አልከፈት ስላላቸው፣ ጎባት ሦስት ዓመት ያህል በግብጽ ቆየ። ይህ መዘግየት አላስመረረውም፤ ከኢትዮጵያውያን ጋር እየተገናኘ አማርኛ ተማረበት።

ሁለቱ ጓደኛሞች በ1829 ዓ.ም. መጨረሻ ምጽዋ ደረሱ። በሚከተለው ዓመት መጀመሪያ፣ በእኛ አቈጣጠር በ1822 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ወደ ዓዲግራት ወጥተው ከትግራዩ ገዥ ከደጃዝማች ሰባጋዲስ ጋር ተገናኙ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር የነገሡት ነገሥታት ስም እንጂ ሥልጣን አልነበራቸውም፤ አገሩን የሚያዙት በየአውራጃው ያሉ መሳፍንት ነበሩ። ደጃዝማች ሰባጋዲስ እንግዶቹን በደግነት ተቀበሏቸው። ኩግለር በትግራይ ሲቀር፣ ጎባት የስሜንን ተራራ አቋርጦ ጎንደር ገባ።

ወደ ጎንደሩ ክፍል ስንደርስ አያቴ ከተጋደሙበት ተነሥተው ተቀመጡ። ጎባት በጎንደር ያረፈው በእጨጌው ግቢ ነበር። እጨጌው የመነኮሳት ሁሉ አለቃ መሆናቸውን፣ ግቢያቸውም የተበደለና የተሰደደ ሁሉ የሚጠለልበት መሆኑን አያቴ አስረዱኝ። ጎባት ስድስት ወር ያህል በጎንደር ሲቀመጥ፣ ደብተራውም መነኩሴውም፣ ነጋዴውም፣ ጤና ያጣውም ወደ ቤቱ እየመጣ ይጠይቀው ነበር። ቤተ እስራኤሎችንም እየፈለገ አነጋግሯል። በየዕለቱ ማን እንደ መጣ፣ ምን እንደ ተጠየቀና ምን እንደ መለሰ መዝግቧል። በ1834 ዓ.ም. በለንደን የታተመው፣ በኢትዮጵያ የቆየበትን ሦስት ዓመት የሚናገረው መጽሐፉ ዋናው ክፍል ይህ መዝገብ ነው።

የመጽሐፉ ጥቅም ለእኛ ብዙ ነው። በዚያ ዘመን በሊቃውንቱ መካከል የነበረውን የካራን፣ የቅባትንና የጸጋን ክርክር አንድ የውጭ አገር ሰው በጆሮው ሰምቶ ጽፎታል። የመሳፍንቱን ጦርነት፣ የገበሬውን መጎሳቈል፣ የከተማውን ኑሮ ይነግረናል። ከዚህም በላይ የሰውየውን ጠባይ ያሳየናል። ሰው ለክርክር ሲመጣበት፣ ጎባት አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ይመልሰዋል፤ ወይም ጥያቄውን በጥያቄ ይመልሳል። ሐሳቡ በአገሩ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለመትከል ሳይሆን፣ ያለችው ቤተ ክርስቲያን በወንጌል ንባብ እንድትታደስ ነበር። ወንጌሉን በሚገባው ቋንቋ ያነበበ ሕዝብ የቀረውን ራሱ ያስተካክላል ብሎ ያምን ነበር።

ታዲያ ሁሉ ነገር አያቴን ደስ አሰኛቸው ማለት አይደለም። ጎባት ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳንና ስለ እመቤታችን አማላጅነት ከአባቶቻችን ትምህርት የተለየውን የራሱን እምነት ይናገራል። ጽሑፉም አንዳንድ ጊዜ የእኛን ሥርዓት በራሱ ሚዛን ብቻ እየመዘነ ይፈርዳል። ወደ አንዱ እንዲህ ወዳለ ገጽ ስንደርስ አያቴ መጽሐፉን እንድዘጋው አዘዙኝ። ዘጋሁት፤ ኩራዙንም አጥፍቼ ተኛሁ። ሥራዬ በዚያው የሚቀር መስሎኝ ሌላ ሰው ልመርጥ አስቤ ነበር። በማግሥቱ ማታ ግን እራታቸውን በልተው እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ፣ ያ ፈረንጅ ከጎንደር በሰላም ወጥቶ እንደ ሆነ ጠየቁኝ። መጽሐፉን አምጥቼ ከዘጋንበት ቀጠልሁ።

ከጎንደር በሰላም ወጣ፤ ወደ ትግራይ ሲመለስ ግን የጠበቀው ኀዘን ነው። ጓደኛው ኩግለር ጠመንጃ በእጁ ላይ ፈንድቶበት በደረሰበት ቍስል ምክንያት በ1830 ዓ.ም. መጨረሻ ሞተ። ይህ በሆነ በሁለተኛው ወር ግድም፣ በየካቲት 1831 ዓ.ም.፣ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በደብረ ዓባይ ጦርነት ከየጁው ከራስ ማርዬ ሠራዊት ጋር ተዋጉ። ራስ ማርዬ በውጊያው ሞቱ፤ ድል ግን የሠራዊታቸው ሆነ፤ ደጃዝማች ሰባጋዲስም ተማርከው ተገደሉ። ትግራይ በዘረፋና በሽብር ተመላች። ጎባት ወዳጁንም ጠባቂውንም በአንድ ክረምት ያህል ጊዜ ውስጥ ካጣ በኋላ፣ ሸሽቶ ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ተጠጋ።

ደብረ ዳሞን ያላየ ሰው ይህን ነገር በሚገባ አይረዳውም። ገዳሙ በገደል አናት ላይ ያለ ነው፤ ወደ ላይ የሚወጣው በገመድ ተስቦ ነው፤ ሴትም አትገባበትም። አቡነ አረጋዊ የመሠረቱት፣ ከአገራችን ገዳማት ሁሉ ከጥንቶቹ አንዱ ነው። በዚያ ያሉት መነኮሳት የዚህ እንግዳ እምነት ከእነሱ እንደሚለይ ያውቁ ነበር። ቢሆንም ገመዱን አወረዱለት። አያቴ ይህን ሲሰሙ ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ ያንን ክፍል ደግሜ እንዳነበው ጠየቁኝ። ሁለተኛ ጊዜ አነበብሁላቸው። በዚያ ማታ ከዚህ ሌላ ምንም አላነበብንም።

ጎባት በ1832 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ከኢትዮጵያ ወጣ። ወደ አውሮፓ ሄዶ መጽሐፉን አሳተመ፤ በ1834 ዓ.ም. የቦይገን ትምህርት ቤት አስተዳዳሪ የነበረውን የክርስቲያን ሃይንሪሽ ጼለርን ልጅ ማሪያን አገባ። ወዲያው ከሚስቱና ከሚሲዮናዊው ከካርል ኢዘንበርግ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በዚህ ሁለተኛ ጉዞው ግን ሥራ ሊሠራ አልቻለም፤ በዓድዋ ሳለ በሕመም ተይዞ ጊዜውን አብዛኛውን በአልጋ ላይ አሳለፈና በ1836 ዓ.ም. አገሩን ለቆ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያን ዳግመኛ አላያትም። እሱን የተኩት ሚሲዮናውያን እንደ እሱ ትዕግሥተኞች አልነበሩም፤ በሥርዓቱ ላይ ፊት ለፊት ስለ ተናገሩ በ1838 ዓ.ም. በደጃዝማች ውቤ ትእዛዝ ከአገር ተባረሩ። ከዚህ የምንማረው፣ ሰውን የሚያስወጣው የእምነቱ ልዩነት ብቻ ሳይሆን አነጋገሩም ጭምር መሆኑን ነው።

ጎባት ከዚያ በኋላ በማልታ ደሴት ተቀምጦ የዓረብኛውን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጕም ሥራ ይቈጣጠር ነበር። በ1842 ዓ.ም. በዚያች ደሴት የተወለደችው ልጁ ዶራ ኋላ በጀርመንኛ ቋንቋ ከታወቁት የመዝሙር ደራስያን አንዷ ሆናለች። እሱም ኑሮው እንዲህ በጸጥታ ሊያልፍ ነው ሲባል፣ ያልጠበቀው ጥሪ መጣለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1841 ዓ.ም. እንግሊዝና ፕሩሲያ ተስማምተው በኢየሩሳሌም አንድ የጋራ ጵጵስና አቋቁመው ነበር። ጳጳሱን በተራ እንዲመርጡ፣ ጳጳሱም የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲይዝ ተዋዋሉ። የመጀመሪያው ጳጳስ ከአይሁድ ወገን የተወለደው ሚካኤል ሰሎሞን አሌክሳንደር በ1845 ዓ.ም. ሲሞት ተራው የፕሩሲያው ንጉሥ የፍሪድሪክ ዊልሄልም 4ኛ ሆነ። ንጉሡም ጎባትን መረጠ። ጎባት ሐምሌ 5 ቀን 1846 ዓ.ም. በለንደን በላምቤት ጵጵስና ተሾመ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ኢየሩሳሌም ገባ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ሠላሳ ሁለት ዓመት በላይ በዚያ መንበር ተቀመጠ።

በኢየሩሳሌም ሥራውን የጀመረው በትምህርት ቤት ነው። በ1847 ዓ.ም. በጥቂት ልጆች የከፈተው ትምህርት ቤት ኋላ በጽዮን ተራራ ላይ የራሱን ሕንጻ አገኘ፤ በስሙም የጳጳስ ጎባት ትምህርት ቤት ተባለ። ሕንጻው ዛሬም ቆሟል፤ ኮሌጅም ይገኝበታል። ከዚያ በኋላ በፍልስጥኤም ከተሞችና መንደሮች ብዙ ትምህርት ቤቶች ከፈተ። በ1849 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1871 ዓ.ም. ደግሞ በናዝሬት ያለችው ቤተ ክርስቲያን በእሱ እጅ ተመረቁ። በየዓመቱም ስለ ሥራው ሰፊ ደብዳቤ እየጻፈ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። እነዚህ ደብዳቤዎች ከጉዞ መጽሐፉ ቀጥሎ የጽሑፎቹ ሁለተኛ ክፍል ናቸው።

ሥራው ግን ያለ ነቀፋ አልሄደለትም። ከግሪክ ቤተ ክርስቲያንና ከሌሎች ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ወደ እሱ የመጡትን ሰዎች በመቀበሉ፣ በእንግሊዝ አገር ብዙ ካህናት በ1853 ዓ.ም. በጽሑፍ ተቃወሙት። የእነሱ ነቀፋ አንዲት ቤተ ክርስቲያን የሌላይቱን ልጆች መውሰድ አይገባትም የሚል ነበር። የእንግሊዝና የአየርላንድ ሊቃነ ጳጳሳት ግን ደገፉት። ጎባት መጽሐፍ ቅዱስ በማንበባቸው ምክንያት ከቤተ ክርስቲያናቸው የተባረሩትን ሰዎች ደጅ ላይ ሊተዋቸው እንደማይችል ተከራከረ። እኔ በዚህ ክርክር ላይ ልፈርድ አልደፍርም። አያቴ ከነቃፊዎቹ ጋር ናቸው፤ ወንድሜ ከጎባት ጋር ነው። እኔ ግን በኢትዮጵያ ሳለ ያለችውን ቤተ ክርስቲያን ለማደስ ብቻ ያሰበ ሰው፣ በኢየሩሳሌም ወደዚህ እንዴት እንደ ደረሰ እያሰብሁ እስከ ዛሬ አለሁ። ምናልባት ሰው ሥልጣን ሲይዝ፣ እንግዳ ሆኖ ሳለ ያልነበሩበት ግዴታዎች ይመጡበት ይሆናል።

ኢየሩሳሌምም ገብቶ ኢትዮጵያን አልረሳም። በ1838 ዓ.ም. ወረርሽኝ በዴር ሱልጣን ገዳም የሚኖሩትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት አብዛኛዎቹን ፈጅቷቸው፣ መጻሕፍታቸውም ተቃጥለውባቸው ነበር። የቀሩትም በገዳሙ ይዞታ ምክንያት ከግብጻውያን ጋር ሲከራከሩ ረዳት አልነበራቸውም። ጎባት ከእንግሊዙ ቆንስል ከጄምስ ፊን ጋር ሆኖ ለእነዚህ መነኮሳት ቆመላቸው። ከኢትዮጵያ መሳፍንትም በዚሁ ጉዳይ ደብዳቤ ደርሶታል። በጎንደርና በደብረ ዳሞ የተጠለለው ሰው ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጠበቃ ሆነ ማለት ነው። የዴር ሱልጣን ክርክር እስከ ዛሬ ያላለቀ መሆኑን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ከሕይወቱ ሁሉ ከባድ ወደሆነው ነገር እንመጣለን። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. በነገሡ ጊዜ ጎባት ተስፋው ታደሰ። በዚያው ዓመት ሚሲዮናውያኑን ክራፕፍንና ፍላድን ላከ። ዐፄ ቴዎድሮስ የሚፈልጉት ሰባኪ ሳይሆን የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበር። ጎባትም ከባዝል አጠገብ ካለው ከቅድስት ክሪሾና ትምህርት ቤት የወጡ፣ በእጃቸው ሠርተው እያደሩ በኑሯቸው ወንጌልን የሚያሳዩ ባለሙያዎች ከ1856 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲገቡ አደረገ። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ከማረሻና ከመንገድ ይልቅ መድፍ አስበለጡ። ወንጌል ሊያነቡ የመጡት ሰዎች በጋፋት መድፍ ቀላጮች ሆኑ፤ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ የሠሩት እነሱ ናቸው። በ1864 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ከታሰረ በኋላ የአውሮፓውያኑ ሁሉ ነገር ተበላሸ፤ ነጻ የወጡት በሚያዝያ 1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ፣ ዐፄ ቴዎድሮስም ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ባሳለፉ ጊዜ ነው።

ጎባት ይህን ሁሉ በሩቅ ሆኖ የሰማ ሽማግሌ ነበር። ባለሙያ የላከው እሱ ነው፤ መድፍ እንዲሠራ ግን አላዘዘም። ታዲያ ተጠያቂ ነውን? ይህን ጥያቄ በክፍላችን ሳቀርበው ግማሾቹ አዎ፣ ግማሾቹ አይደለም አሉ። እኔ የሚመስለኝ፣ ሰው በበጎ ልብ የሚዘራውን ዘር ሌላ ሰው በሌላ እርሻ ሊያበቅለው ይችላል፤ ስለዚህ በጎ ሐሳብ ብቻውን አይበቃም፤ የምትልክለትን ሰው ፍላጎት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቢሆንም ዘሩ ሁሉ አልጠፋም። ከባለሙያዎቹ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ከመቅደላ ከወጣ በኋላ በሊባኖስ የብሩማናን ትምህርት ቤት፣ ኋላም ለአእምሮ ሕሙማን የሚሆን የአስፉርዬን ሆስፒታል መሥርቷል።

ሳሙኤል ጎባት ግንቦት 11 ቀን 1879 ዓ.ም. በሰማንያ ዓመቱ በኢየሩሳሌም ሞተ፤ በጽዮን ተራራ ባለው መካነ መቃብር ተቀበረ። ሚስቱ ማሪያም በዚያው ዓመት ተከተለችው። ሦስተኛው ጽሑፉ፣ የሕይወቱን ታሪክ ራሱ የጻፈበት ክፍል፣ ሌሎች የቀረውን ጨምረውበት በ1884 ዓ.ም. በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ ታተመ። የእንግሊዝና የፕሩሲያ የጋራ ጵጵስናም ከእሱ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በ1886 ዓ.ም. ፕሩሲያ ከውሉ ወጣች።

ይህን ሁሉ አንብበን የጨረስነው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነበር። አያቴ ስለ ሰውየው ፍርዳቸውን ጠየቅኋቸው። በእምነቱ እንደማይስማሙ፣ ከእሱም ጋር ቢገናኙ ከጧት እስከ ማታ እንደሚከራከሩት ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ቆይተው፣ እጨጌው ለፈረንጅ ቤት ከሰጡ፣ የዳሞ መነኮሳትም ገመድ ካወረዱ፣ እሳቸው ለልጅ ልጃቸው ወንበር መከልከላቸው ነገሩ እንዳልጣማቸው በለሆሳስ ተናገሩ። ለእኔ የተናገሩት ይመስለኛል፤ ነገር ግን እናቴ በጓዳ ሆና ሰምታ ነበር። በማግሥቱ ለወንድሜ ስልክ ደወለችለት።

ወንድሜ በፋሲካ ዕለት ቀን በቀን፣ አያቴ ነቅተው ሳሉ መጣ። እናቴ ምግቡን ያቀረበችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አያቴ ባርከው ቈረሱ። ከምሳ በኋላ በአማላጅነት ነገር ለሁለት ሰዓት ያህል ተከራከሩ፤ አልተስማሙም፤ ወደፊትም የሚስማሙ አይመስለኝም። ነገር ግን እኔ ለፈተና ስዘጋጅ፣ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአያቴ ወንጌሉን የሚያነብላቸው ወንድሜ ነው። እሳቸውም እያስቆሙ ትርጓሜውን ያስተምሩታል።

ውድ ጓደኞቼ፣ ሳሙኤል ጎባት ሁሉን ነገር አልተሳካለትም። በኢትዮጵያ ያሰበው አልሆነለትም፤ የላካቸው ሰዎች መድፍ ሠሩ፤ በኢየሩሳሌምም የገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ካህናት ነቀፉት። በመጽሐፉ ላይ የጻፋቸውን ፍርዶች ሁሉ መቀበልም አይገባንም። ነገር ግን ከእሱ የተለየ እምነት ካላቸው ሰዎች ጋር ተቀምጦ በትዕግሥት መነጋገርን ያውቅ ነበር። አባቶቻችንም እንግዳን ተቀብለው፣ ሳይስማሙበት አስተናግደው፣ በክፉ ቀን መጠለልን ያውቁ ነበር። እኛ ከሁለቱም ወገን ይህን አንድ ነገር ብንወርስ፣ በየቤታችን ምግብ ሁለት ጊዜ የሚያቀርቡ እናቶች ይቀንሳሉ ብዬ አምናለሁ።